የጉልበት ስብራት «ሳይቀደድ» ይሠራል ወይ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። ከዓባይ ማዶ ወደ ቤት በብስክሌት ሲመለስ ሚኒባስ ከጎን መታው። ራጅ ተነስቶ ከጉልበቱ በታች አጥንቱ ተሰብሯል፣ ስብራቱም መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል አሉን። በዚያው ቀን እግሩ ላይ ከውጭ ብረት ሰክተው አሰሩት። ከዚያ በኋላ ግን ‹እብጠቱ ይውረድ› ብለው ዝም። ዛሬ 8 ቀኑ ነው። አጎታችን ወጌሻ ጋር እንውሰደው ይላል። ጓደኛው ደግሞ አዲስ አበባ ሳይቀድዱ በትንሽ ቀዳዳ ይሠሩታል አለን። ምን ይሻለናል? እዚህ ባሕር ዳር ቢቀደድ እግሩ ይበላሻል ወይ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አይዞሽ። ከጻፍሽው ውስጥ ቸልተኝነት የሚመስል ነገር አላየሁም። ከውጭ ብረት ሰክቶ እብጠቱን መጠበቅ እኔም ተረኛ ብሆን የማደርገው ነው። ወጌሻ ጋር አትውሰዱት። የትንሽ ቀዳዳው ነገር ደግሞ እውነት ነው፤ አለ፣ ጥሩም ነው። ግን ጓደኛው እንደነገራችሁ አይደለም። እሱን ለማስረዳት ረዘም ያለ ወሬ ያስፈልገኛል፣ ቡና ካፈላሽ ስኒሽን ይዘሽ አንብቢው።

ጉልበት ላይ ሦስት አጥንቶች ይገናኛሉ። ከላይ የጭን አጥንት ይወርዳል፣ ከታች ቅልጥም ይቀበለዋል፣ ከፊት ሎሚው አለ። ወንድምሽ የተሰበረው የቅልጥሙ ራስ ነው። ይሄ ቦታ ለጥ ያለ ነው፣ ምጣድ በይው። የሰውነት ክብደት በጭን አጥንት በኩል ወርዶ እዚህ ምጣድ ላይ ያርፋል። ላዩ ካርቲሌጅ በሚባል ነጭ አንሸራታች ሽፋን ተለብጧል። ከሽፋኑ ስር ያለው አጥንት ግን እንደ ቅልጥሙ መሃል ጠጣር አይደለም። እንደ ድፎ ዳቦ ነው፤ ቅርፊቱ ጠንከር ይላል፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ። ድፎውን ቆርሰሽ መሃሉን በአውራ ጣትሽ ብትጫኚው ይሰረጉዳል፣ ጣትሽን ስታነሺ ግን ተመልሶ አይነሳም። የወንድምሽ ጉልበትም ውስጥ የሆነው እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

መኪና ከውጭ በኩል ሲመታ ጉልበት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የጭን አጥንቱ ጫፍ እንደ መዶሻ የቅልጥሙን ራስ ውጭኛ ወገን ይቀጠቅጠዋል። ወይ ይሰነጥቀዋል፣ ወይ ያሰረጉደዋል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያደርገዋል። ኮተን እና በርግ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1929 ይሄንን ጉዳት «የፓራፋንጎ ስብራት» ብለው ጽፈውበታል፤ መኪና እግረኛን ሲገጭ የሚያገኘው ልክ በጉልበቱ ከፍታ ስለሆነ። ወደ መቶ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ነገሩ አልተለወጠም። እንደኛ ባለ በብስክሌትና በባጃጅ በሚንቀሳቀስ ከተማ ደግሞ ጉልበት ለመኪና ፊት ሁሌም የተጋለጠ ነው። ባጃጅ ሹፌርም ቢሆን ከፊቱ ያለው አንድ ስስ ቆርቆሮ ነው።

አሁን የእብጠቱን ጉዳይ እንይ፣ ምክንያቱም ቤተሰብ ከሐኪም ጋር በብዛት የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። እጅሽን የራስሽ ቅልጥም ላይ፣ ከጉልበትሽ ትንሽ ዝቅ ብለሽ አድርጊው። ሥጋ አለ? የለም። ቆዳ ነው፣ ከስሩ አጥንት ነው። ያ ስስ ቆዳ በአደጋው ተቀጥቅጧል፣ ከስሩ ደም ፈስሷል፣ ተወጥሯል። አንዳንዱ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲብስም ደም ይቋጥራል። በዚህ ሰዓት ተቀዶ ብረት ቢገባበት፣ ቆዳው መልሶ ላይገጥም ይችላል። ሲሰፋ ይወጠራል፣ ይጠቁራል፣ ይከፈታል፣ ብረቱ ይታያል፣ ከዚያ ያመረቅዛል። አጥንት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ደግሞ ዓመት ይዞ የሚያንከራትት ነው። ድሮ ሐኪሞች በችኮላ ትልቅ ቀደው ሁለቱንም ወገን በአንድ መክፈቻ ሲሠሩ የደረሰው ጥፋት ነው ዛሬ ሁላችንንም ታጋሽ ያደረገን።

ስለዚህ መጀመሪያ ከጭንና ከቅልጥም በኩል ብሎን ሰክተን፣ ጉልበቱን ሳንነካ ከውጭ በዘንግ እናስረዋለን። ስታዪው ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ባጃጅ ጥገና ቤት የተሠራ ነው የሚመስለው። ሥራው ግን ትልቅ ነው። እግሩን በርዝመቱ ያቆየዋል፣ የተሰበረው እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋል፣ ሕመሙን ይቀንሳል፣ እብጠቱም እንዲወርድ ጊዜ ይሰጣል። ሲቲ ስካንም መነሳት ያለበት ከዚህ በኋላ ነው። እግሩ ተስቦ ከተስተካከለ በኋላ ሲነሳ ስብርባሪው የቱ የት እንዳለ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሳይሳብ ሲነሳ ግን ሁሉም ተደራርቦ ያምታታል። ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን እንጠብቃለን፣ አንዳንዴም ይበልጣል። መቼ እንደሚበቃ የሚነግረን ቆዳው ራሱ ነው፤ መሸብሸብ ሲጀምር፣ እንደ አሮጊት እጅ ጨምደድ ሲል፣ ያኔ እንገባለን። ሂጂና እዪው። ቆዳው የሚያብረቀርቅና የተወጠረ ከሆነ ሐኪሞቹ ልክ ናቸው።

ወደ ትንሹ ቀዳዳ ልምጣ።

«ሳይቀደድ» የሚለው ቃል ትክክል አይደለም፣ ይቀደዳል፤ ግን በጥቂቱ። ነገሩ አንድ ኦፕራሲዮን ሳይሆን የአሠራር መንገድ ነው፣ ዓይነቱም ብዙ ነው። ቀላሉ ይሄ ነው፦ አጥንቱ ተሰንጥቆ ግን ብዙ ካልሸሸ፣ ሲ አርም በሚባለው ተንቀሳቃሽ ራጅ እያየን፣ ከውጭ በትልቅ መቆንጠጫ ጨፍነን እንገጥመዋለን። ከዚያ ጣት የማይሞላ ቀዳዳ በስተን፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ብሎን በቀጭን ሽቦ ላይ እየመራን እናስገባለን። 6.5 ወይም 7.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ሦስት ብሎኖች፣ በቃ። ሰውየው ሦስት ትንንሽ ፕላስተር ለጥፎ ይወጣል።

የተሰረጎደ ከሆነ ግን መጨፈን አይበቃም። ድፎውን አስታውሺ፤ የሰመጠው ከታች ተገፍቶ መነሳት አለበት። ከጉልበቱ ዝቅ ብለን አጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት እንከፍታለን፣ በዚያ በኩል ድፍን ጫፍ ያለው ዘንግ አስገብተን ቀስ እያልን ወደ ላይ እንመታለን። በሲ አርሙ ምስል ላይ የሰመጠው ጠርዝ ሽቅብ ሲመጣና ከጎረቤቱ ጋር ሲተካከል ታያለሽ። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ይሄን ቅጽበት ነው፣ እውነቴን ነው። ከስሩ ግን ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። እሱን ከዳሌው አጥንት በተቆነጠረ የራሱ አጥንት ወይም በሰው ሠራሽ መሙያ እንሞላዋለን። ከላይ ደግሞ ብሎኖቹን ጎን ለጎን እንደ ጣሪያ ማገር እንደረድራቸዋለን፣ መልሶ እንዳይሰምጥ። የጉልበት ካሜራ ያለው ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ በሌላ ቀዳዳ ካሜራውን ጉልበቱ ውስጥ አስገብቶ ሽፋኑን በዓይን እያዩ መሥራትም ይቻላል። በካሜራው የሚገባው ውሃ በተሰነጠቀው አጥንት አልፎ ወደ ባት ሊፈስና ጡንቻውን ሊወጥረው ስለሚችል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሌላው በፕሌት ነው፣ አጥንቱ ላይ በብሎን በሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት። ድሮ ፕሌት ለማሰር አጥንቱ ከላይ እስከ ታች ይገለጥ ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው ኤኦ የሚባለው የሐኪሞች ቡድን ስብራትን በፕሌትና በብሎን ማሰርን ለዓለም ያስተማረ ነው፤ ትምህርቱ መጀመሪያ ላይ «ሁሉንም ስብርባሪ በቦታው መልስ፣ አጥብቀህ እሰር» ነበር። ይሄ ለመገጣጠሚያው ሽፋን ዛሬም ልክ ነው። ለቀረው አጥንት ግን ችግር አመጣ። እያንዳንዱን ቁራጭ ለመግጠም ጡንቻውንና የአጥንቱን ስስ ሽፋን እየገፈፉ ስለነበር ቁራጩ ደሙን ያጣል። ችግኝ ስትነቅዪ ከነአፈሩ ካላነሳሽው አይጸድቅም አይደል? አጥንትም እንደዚያው ነው። በተለይ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መንገዱ ተለወጠ። ከጉልበቱ አጠገብ ትንሽ እንከፍታለን፣ ፕሌቱን ከጡንቻው ስር አጥንቱን ታክኮ ወደ ታች እናንሸራትተዋለን፣ ከዚያ ከርቀት በትንንሽ ቀዳዳ ብሎኖቹን እናስራለን። የብሎኑ ራስ ከፕሌቱ ጋር በጥርስ ስለሚቆላለፍ አጥንቱን ሳይጨፈልቅ ይይዛል። መሃል ያለውን ስብርባሪ አንነካውም። ርዝመቱና አቅጣጫው ከተስተካከለ፣ ደሙ ካልተቋረጠ፣ አጥንቱ ራሱን ያውቃል።

ከጉልበት በላይ፣ የጭን አጥንቱ ታችኛ ጫፍ ሲሰበርም ይሄው ነው የሚሠራው። ወይም በጉልበቱ በኩል በአጥንቱ ውስጥ ዘንግ ወደ ላይ ይገባል። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ሳይን የሚባል ድርጅት የሚያቀርበው ዘንግ አገራችን ውስጥም ይሠራበታል፣ ያለ ሲ አርም ከውጭ በአቅጣጫ ጠቋሚ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። ለወንድምሽ ዓይነት ስብራት ግን ዘንግ ብቻውን አይሆንም፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን ተሰብሯልና።

ይሄን ሁሉ ስጽፍ የትንሽ ቀዳዳ ጠበቃ መስዬሽ ይሆናል። ነኝም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ገና ወጣት ሳለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ አንድ ገበሬ የቅልጥሙ ራስ ተሰብሮ መጣ። እኔ ትንሽ ቀዳዳ ገና ተምሬ ነበር፣ ልቤ ተነሳስቷል። ጠባሳው ትንሽ እንዲሆን ብዬ ሳልከፍት በብሎን ገጠምኩት። ሲ አርሙ ላይ «ይመስላል» አልኩ። አልሆነም፤ የውጭው ወገን ወርዶ ነበር፣ እኔ ያየሁት በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሰውየው በቁስሉ በጣም ደስ ብሎት ሄደ፣ መርቆኛል እንኳ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመጣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ሲረግጥ ያንከሸክሻል፣ ሞፈር መያዝ አልቻለም። ጠባሳው እስካሁን ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም።

ከዚያ ወዲህ ሁሌ የምለው ይሄን ነው፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀዳዳው ስንት ነው አይደለም። ምጣዱ ተስተካክሏል ወይ? እግሩ ቀጥ ብሏል ወይ? ጉልበቱ በሳምንቱ መታጠፍ ይጀምራል ወይ? እነዚህን ሦስቱን በትንሽ ቀዳዳ ማግኘት ከተቻለ ትንሽ ቀዳዳ ከሁሉ ይበልጣል። ካልተቻለ ይከፈት። ብዙዎቻችን ሽፋኑ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ደረጃ እንዳይቀር እንጥራለን፤ ከደረጃውም ይልቅ የእግሩ ቀጥ ማለትና ጉልበቱ ወደ ጎን አለመወላገዱ ነው ከዓመታት በኋላ የሚያስከፍለው።

የወንድምሽ ስብራት ለየትኛው ይሆናል? ቶሮንቶ ይሠሩ የነበሩት ጆሴፍ ሻትስከር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ ይሄንን ስብራት በ6 ከፍለውታል፣ እኛም ዛሬ ድረስ ተረኛ ሐኪም ሲደውልልን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ሻትስከር ስንት?» ነው። 1 መሰንጠቅ ብቻ ነው። 2 መሰንጠቅና መሰርጎድ ነው። 3 መሰርጎድ ብቻ። እነዚህ ሦስቱ በውጭኛው ወገን ናቸው፣ ትንሽ ቀዳዳም የሚመቸው በአብዛኛው ለእነሱ ነው፣ ለ1 እና ለ3 በተለይ። 4 ውስጠኛው ወገን ነው፤ ይሄኛው ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ወልቆ የተመለሰ ያህል ነው፣ ከጉልበት በስተጀርባ ያለው ትልቁ የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። 5 እና 6 ሁለቱም ወገን የተሰበረበት ነው። እዚያ ላይ የምናደርገው ድብልቅ ነው፦ ሽፋኑን ለማስተካከል በሚያስፈልገው ልክ እንከፍታለን፣ አንዳንዴም በሁለት የተለያየ ቦታ፣ የታችኛውን ግን ሳንከፍት ፕሌቱን እናንሸራትታለን። ቆዳው ጨርሶ የማይሆን ከሆነ ደግሞ በቀለበት የሚሠራው የኢሊዛሮቭ ብረት አለ፣ ሳይቤሪያ ውስጥ ኩርጋን በምትባል ከተማ የተጀመረ፤ ሽቦዎቹ በመርፌ ቀዳዳ ነው የሚገቡት።

ኦፕራሲዮን የማያስፈልገው ስብራት እንዳለም አትርሺ። ያልሸሸና ጉልበቱ የማይወላገድ ከሆነ በጄሶ ወይም በተስተካካይ ድጋፍ ይድናል። ያንቺ ወንድም ግን የውጭ ብረት ከተሰካለት ከዚያ አልፏል ማለት ነው።

አዲስ አበባ መሄዱ ላይ አስተያየቴን ከፈለግሽ፣ ቸኩላችሁ አትነሱ። ከባሕር ዳር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያበጠ እግር ይዞ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ያን ያህል ሰዓት መቀመጥ ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። እዚህም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ፣ የአጥንት ሐኪሞች አሉ። የሚወስነው ከተማው አይደለም። ሐኪሙን በትሕትና እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ ሲቲው ምን አሳየ፣ አንድ ወገን ነው ሁለት? ኦፕራሲዮን ሲሠራ ሲ አርም ይኖራል? የሚቆላለፈው የጉልበት ፕሌት በልኩ አለ ወይስ ከውጭ መገዛት አለበት? የሰመጠውን በምን ትሞሉታላችሁ? ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በስንተኛው ቀን ማጠፍ ይጀምራል? ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። ከነዚህ አንዱ እዚህ የማይሟላ ከሆነ ራሱ ሪፈር ይጽፍላችኋል፣ ያኔ ግን የደም ማቅጠኛ ታዞለት፣ እግሩ ከፍ ብሎ፣ በተመቻቸ መንገድ ይሂድ። ጊዜም አለ፣ ግን ብዙ አይደለም። ከ3 ሳምንት ካለፈ አጥንቱ በተሳሳተበት መያዝ ይጀምራል፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚነሳ የነበረው የማይነሳ ይሆናል። ዋጋ አልጽፍልሽም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል። ሚኒባሱ የሦስተኛ ወገን መድን ስላለበት ግን የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ከእጃችሁ እንዳታጠፉት።

አጎትሽን አትጣዪው። ወጌሻ እኔም ልጅ ሳለሁ አይቶኛል፣ ቁርጭምጭሚቴ ወልሞ አሽቶ መልሶኛል፣ እናቴ እስካሁን ትመርቀዋለች። ግን መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ስብራት በማሸት አይነሳም፤ የሰመጠ ድፎ ከላይ ብታሺው ይብሳል እንጂ። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ እስሩ ነው። ያበጠ እግር በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም ይቋረጣል። እግራቸው ጠቁሮ፣ መቁረጥ ብቻ የቀረን ሰዎችን በእጄ ተቀብያለሁ። ስብራቱ የሚድን ነበር። ይሄን ለአጎትሽ ስትነግሪው «ዶክተሩ እንዲህ አለ» በዪ፣ በኔ ይሁን።

ስለ በኋላውም ላውራሽ፣ ግማሹ ሕክምና እዚያ ነውና። ጉልበት ቶሎ ከሚደርቁት መገጣጠሚያዎች አንዱ ነው። አጥንቱ ገጥሞ ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሜዳ ላይ ለመራመድ 65 ዲግሪ ያህል መታጠፍ ይበቃል። ወንበር ላይ ለመቀመጥና ደረጃ ለመውጣት ከ90 እስከ 100 ይፈልጋል። እኛ ግን የምንኖረው በርጩማ ላይ ነው፣ መጸዳጃችን ቁጢጥ ያስብላል፣ እንሰግዳለን፣ እንንበረከካለን፤ ይሄ ከ130 በላይ ነው። የውጭ አገር መጽሐፍ 110 ዲግሪን ጥሩ ውጤት ነው ቢለኝ፣ ለዘጌ ቄስ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ብረቱ ጠንካራ ሆኖ ከታሰረ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ማጠፍ ይጀመር። ያማል። ቢሆንም ይታጠፍ። ተረከዙን አልጋው ላይ እያንሸራተተ ወደ መቀመጫው ይሳብ፣ የጭኑን ጡንቻ ይወጥር ይልቀቅ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። በ4 እና በ6 ሳምንት መካከል 90 ዲግሪ ካልደረሰ ለሐኪሙ ንገሩት። አንድ ነገር ግን፦ ሲተኛ ትራስ ከጉልበቱ ስር አታድርጉለት። ደስ ይለዋል፣ ያሳርፈዋል፣ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል። ትራሱ ከተረከዙ ስር ይሁን።

መታጠፍ እንጂ መርገጥ አልተፈቀደም። ይሄን ቤተሰብ ሁልጊዜ ያምታታዋል። እንደ ስብራቱ ከ6 እስከ 12 ሳምንት በክራንች ነው የሚሄደው፣ እግሩ መሬት ቢነካም ክብደት አይጣልበትም። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ አጥንቱ ቶሎ የሚድን ይመስላቸዋል፤ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቁስሉ ይደርቃል፣ «ድኛለሁ» ይልና በወሩ ይራመዳል። ምጣዱ እንደገና ይሰምጣል። በትንሽ ቀዳዳ የተሠራ ሰው ላይ የማልወደው ይሄንን ድፍረት ነው። መርገጥ ሲፈቀድለት ግን ወደ ብስክሌቱ ይመለስ፣ መጀመሪያ በቆመ ብስክሌት፣ ኮርቻው ከፍ ብሎ። ለጉልበት ከዚያ የተሻለ ፊዚዮቴራፒ አላውቅም፣ ለባሕር ዳር ልጅ ደግሞ ማስተማር አያስፈልገውም።

የውጭ ብረቱ የተሰካበት ቦታ በየቀኑ በንጹሕ ፋሻና በጨው ውሃ ይጽዳ፣ ነርሷ ታሳይሻለች። ጸበል የምትወስዱት ከሆነ ይጠጣ፣ ይጠመቅም ቢል እሺ፣ ግን ቁስሉና ብሎኖቹ ደርቀው እስኪዘጉ ውሃው እዚያ አይፍሰስ። ሲጋራ ካጨሰ ያቁም፤ አጥንት እንዳይገጥም ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ በእጁ ያለው እሱ ነው። ስለ ቅልጥም ሾርባ ሁሉም ይጠይቀኛል። ይጠጣ፣ ይጣፍጣል፤ ግን ቅልጥም ቅልጥምን አይጠግንም። እንቁላል፣ ወተት፣ የጣና ዓሣ፣ በጾም ምስርና ሽሮ በደንብ ይብላ። በኦፕራሲዮኑ ውስጥ የሚገባው ብረት ብርድ ይስባል የሚሉትንም እርሱት፣ ካላስቸገረው በቀር ያ ብረት ዕድሜ ልኩን ቢቀመጥ ምንም የለበትም።

አሁን ይሄንን ምላሽ አስቀምጪና ወንድምሽ ጋር ሂጂ። እስከ ኦፕራሲዮኑ ቀን ድረስ የሚያስቸኩሉ ነገሮች አሉ፦ መድኃኒት ወስዶም የማይበርድ፣ እየባሰ የሚሄድ የባት ሕመም፣ ጣቶቹን አንቺ ስታጥፊለት የሚጮህበት ሕመም፣ የቀዘቀዘ ወይም የደነዘዘ እግር። ባቱ ድንጋይ ሆኖ ከተወጠረ ለሌሊት ተረኛው ንገሪ፣ ጠዋት አትበዪ፤ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻው ይሞታል። ሌላ ደግሞ፣ ከጉልበቱ ውጭኛ ጎን የሚያልፍ አንድ ነርቭ አለ፣ በእንዲህ ያለ አደጋ ይመታል። አውራ ጣቱን ወደ ራሱ ወደ ላይ እንዲያነሳ ንገሪውና እዪው። ካነሳው ጥሩ። ካላነሳው፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት እንደዚያ እንደነበረ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያም ሲቲው ሲነሳ ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልኝ።